አሥራ ሦስተኛው ብልት

የዶሮ ብልት አሥራ ሁለት ነው። ይህን የማታውቅ ሙሽራ ብትኖር እንኳ አማቷ ታሳውቃታለች። ስለ አሥራ ሦስተኛው ብልት ግን የተጻፈ ነገር አይቼ ስለማላውቅ ይህን ጥናት ለማቅረብ ተገድጃለሁ። ጥናቱ የተካሄደው በእናቴ ቤት ነው፤ የፈጀው ጊዜ ስድስት ዓመት፣ የናሙናው ብዛት አንድ። ናሙናዋ ድመታችን ውሮ ናት። ፈቃደኛ መሆኗን ስትጠየቅ ጀርባዋን ሰጥታ ተኝታለች፤ ዝምታዋ እንደ እሺታ ተቆጥሯል።

የሰው ምግብ ለድመት ይሆናል ወይስ አይሆንም ብለው የሚጽፉ ሰዎች ነገሩን በሥጋ፣ በአትክልት፣ በወተት ተዋጽኦ ይከፋፍሉታል። ይህ አከፋፈል እኛ ማጀት ውስጥ አይሠራም። ሊቃውንት ዘመንን ዓመተ ዓለምና ዓመተ ምሕረት ብለው እንደከፈሉት፣ የኢትዮጵያ ምግብም በድመት ዓይን ሲታይ ሁለት ዘመን ብቻ አለው፦ ቅድመ ሽንኩርት እና ድኅረ ሽንኩርት።

ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ይብሳል። ቢቀቀል፣ ቢጠበስ፣ ደርቆ ቢፈጭ መርዝነቱ አይለቀውም። ጉዳቱም ወዲያው ሳይሆን ከቀናት በኋላ ነው የሚታየው፦ ድዷ ይነጣል፣ አቅም ታጣለች፣ ሽንቷ ይጠቁራል። እንግዲህ ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት በሚቁላላበት አገር የተወለደች ድመት ዕጣዋን አስቡት። በርበሬው ገና ሲደለዝ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበታል። ሽሮውም እንደዚያው። ቅቤ ለጋ ሳለ ቅድመ ሽንኩርት ነው፤ ሲነጠር ዘመን ይሻገራል። የእንቁላል ታሪክ ደግሞ ልብ ይነካል። ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ሳህን ላይ ተራውን ሲጠብቅ ለድመት የተፈቀደ ንጹሕ ምግብ ነው፤ ጎን ጎኑ ተሰንጥቆ ድስት ውስጥ ጠልቆ ሲወጣ ግን ያው እንቁላል የተከለከለ ሆኗል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። አሥራ ሦስተኛው ብልት የሚባለው ዶሮ ሲበለት ከአሥራ ሁለቱ የማይቆጠር፣ ለመጣያም የማይሰጥ ነው፦ ልቡ፣ ሳንባው፣ ከዚህም ከዚያም የተቀነጠሰ ሥጋ። ፈረሰኛው ለአባወራ፣ ክንፉ ለልጅ እንደሚባለው ሁሉ ይህም ባለቤት አለው። ከድስት ቀርቶ ከሎሚና ከጨው እጥበት አስቀድሞ ከማጀት ስለሚወጣ ለብቻው «ቅድመ ሎሚ» የሚባል ንዑስ ዘመን ሊሰጠው ይገባል።

ከሁሉ የከበረው ልብ ነው። ድመት ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን አይሠራላትም፤ ከሥጋ፣ ይልቁንም ከልብ፣ ካላገኘችው ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧም ይደክማል። የልቧን መድከም ጉዳይ አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች የደረሱበት እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። እናቴ ጥናቱን አላነበበችም። የዶሮውን ልብ ግን ከውሮ በቀር ለማንም ሰጥታ አታውቅም።

አሥራ ሦስተኛው ብልት ከድመቷ ዘንድ የሚደርሰው በሦስት መንገድ ነው፦ በስጦታ፣ በስርቆትና በመውደቅ። ስጦታው እምብዛም ነው። ስርቆቱን እዚህ ማንሳት የናሙናዋን ክብር ይነካል። መውደቁ ግን ሰፊ ትንታኔ ይሻል።

እናቴ አርባ ዓመት ዶሮ ስትበልት ኖራለች። መብራት ሲጠፋ በጨለማ እየበለተች አሥራ ሁለቱን ሳታዛንፍ የጨረሰችበትን ቀን አስታውሳለሁ። ውሮ እኛ ቤት ከመግባቷ በፊት እጇን አዳልጧት አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ግን በአንድ ዶሮ ቢያንስ ሦስት ጊዜ «ውይ፣ አዳለጠኝ!» ትላለች። መዳለጡ የራሱ ሥርዓት አለው። አንደኛ፣ የሚያዳልጣት አባቴ ሳሎን ሬድዮ ሲከፍት ነው። ሁለተኛ፣ የወደቀው ቁራጭ አጥንት ኖሮት አያውቅም። ሦስተኛ፣ የማጀቱ ወለል የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን ቁራጩ የሚያርፈው ከውሮ አፍንጫ አንድ ስንዝር ርቆ ነው። አራተኛና ለጥናቱ ወሳኝ የሆነው፣ ሽንኩርት ስትከትፍ አንድም ጊዜ አዳልጧት አያውቅም።

ጥሬ ዶሮ ሳልሞኔላ የሚባል ተሕዋስ ሊኖርበት ስለሚችል ቀቅሎ መስጠት እንደሚሻል አስረድቻታለሁ።

«የወደቀ ነገር እንዴት ብሎ ይቀቀላል?» አለችኝ።

አባቴ አንድ የፋሲካ ቀን መላላጫውን አገላብጦ አየና ለምን እንዲህ እንደቀለለ ጠየቀ። «ዶሮው ድሮውንም ከሲታ ነበር» አለች እናቴ። ዶሮውን መርጦ የገዛው አባቴ ስለነበር ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ።

የጾም ነገር አጭር ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ማጀቱ ሙሉ በሙሉ ድኅረ ሽንኩርት ስለሚሆን ውሮ የሚተርፋት አይጥ ብቻ ነው፤ አለዚያም ያለ ጨው ተቀቅሎ እሾሁ የወጣለት ዓሣ። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለውን ተረት ሰው ለነቀፋ ይጠቅሰዋል። በሕክምና ዓይን ግን ደግ አደረገች፤ አመሏን ብትረሳ ልቧ ይደክም ነበር።

የቀረውን በጥድፊያ ልለፈው። ወተት ይወዱታል፣ አብዛኞቹ አዋቂ ድመቶች ግን ሆዳቸው አይችለውም። ቡናና ቸኮላታ መርዝ ናቸው። ያልተጋገረ የዳቦ ሊጥ ሆድ ውስጥ ማበጡንና መፍላቱን ይቀጥላል። ማር ጠረጴዛ ላይ ቢያድር ሥጋት የለም፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት እንደታወቀው የድመት ምላስ ጣፋጭ የሚቀምስበት ዘረ መል ተበላሽቶ ቀርቷል። እንጀራ አይጎዳት፣ አይጠቅማት፤ የምትበላውም እኛን ላለማስቀየም ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን በጥድፊያ አይታለፍም። በየበዓሉ ወጡ የተንጠፈጠፈበትን የዶሮ አጥንት ከጠረጴዛ ሥር የሚወረውር አጎት አለኝ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እንደ መርፌ ይሰነጠቃል፣ ሽንኩርቱም አለበት፣ በርበሬውም አለበት፤ ስድስት ዓመት ነግሬዋለሁ። «ድመት አይደለችም እንዴ? ትብላ እንጂ!» ይለኛል። ይህን ዝርያ በየትኛው ዘመን እንደምመድበው አላውቅም።

ጥናቱ ሲጠናቀቅ ግኝቱን በተግባር መፈተን ነበረብኝ። ለገና ዋዜማ የዶሮ ሥጋ ያለ ጨው ቀቀልኩ፣ አጥንቱን አወጣሁ፣ አቀዝቅዤ በጣቴ ፈተፈትኩና በንጹሕ ሳህን አቀረብኩላት። ውሮ አሸተተችው። ቀና ብላ አየችኝ። ቀጥላ በፊት እግሯ የሳህኑን ዙሪያ ሦስት ጊዜ ጫረች፤ ይህን የምታደርገው ከአሸዋዋ ስትነሳ ነው።

ሁለተኛውን ምዕራፍ ልጀምር ወረቀት ሳወጣ ከማጀት «ውይ፣ አዳለጠኝ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ናሙናዋ ከአጠገቤ ሄዳለች።