ያልተጠሩት ድግስ

በ1947 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የኤድንብራ የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል ላይ 8 የቴአትር ቡድኖች ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ዳር ዳሩን ይዘው መጫወት ጀመሩ። ፍሪንጅ የሚባለው ፌስቲቫል የተወለደው እንዲህ ነው። ዛሬ ያልተጠራው እንግዳ ባለቤቱን በልጦ፣ በየዓመቱ በነሐሴ ከ3,000 በላይ ትርዒት ይዞ ከተማዋን ያጥለቀልቃል።

እናም ወዳጄ፣ በመጨረሻው ሰዓት ተነሥተህ ብትሄድ አትፈር፤ የድግሱ ወግ ነው። አልጋ ግን አትመኝ፤ ደህና ደህናው ቀድሞ ተይዟል፣ የቀረው ደመወዝህን ከነጥቅማ ጥቅሙ ይጠይቃል። ፕሮግራሙንም አታንብብ፤ አንብበህ ሳትጨርስ ፌስቲቫሉ ያልቃል። ይልቅ ሮያል ማይል በተባለው ጎዳና ላይ ቁም። አንዱ የንጉሥ ዘውድ የደፋ ወጣት ዝናብ ያራሰው ወረቀት እጅህ ላይ ይለጥፍልሃል። ጨክነህ ተከተለው። ወደ አንድ መጠጥ ቤት ምድር ቤት ወርደህ ከቢራ በርሜል አጠገብ ትቀመጣለህ። ተመልካቹ ከተዋናዩ ካነሰ ደስ ይበልህ፤ የክብር እንግዳው አንተ ነህ።

እንዲህ ያሉ ብዙ ትርዒቶች መግቢያቸው ነጻ ነው። ነጻ ያልሆነው መውጫው ነው፤ ተዋናዩ ራሱ ባልዲ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። በስልክ የምታወራ መስለህ ካለፍከው፣ የዕለቱን ምርጥ ትወና የሠራኸው አንተ ነህ።