ለጨዋታ ተጠርቼ

ባለቤቴ ከገበያ ስትመለስ «የታችኛዋ እትዬ ማክሰኞ ማታ ለጨዋታ ጠርተውሃል፤ አንድ ሰው ጎድሏቸዋል» አለችኝ። እኔ ደግሞ ጨዋታ ሲባል የሚታየኝ ወሬ ነው። ግማሽ ኪሎ ቆሎ በፌስታል ቋጥሬ፣ ሁለት ታሪክ በሆላንድኛ እያነበነብኩ ደረጃውን ወረድኩ። አንደኛው ወደ ደሴ ስንሄድ አውቶቡስ ተበላሽቶብን መንገድ ላይ ስላደርንበት ሌሊት ነው። ጥሩ ታሪክ ነው፤ እዚያ ቤት ግን እስከ ዛሬ አልተነገረም።

እትዬ ያልኳቸው ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው። ሆላንድኛ እንደኛው «አንተ»ና «እርስዎ» አለው። እኔ «እርስዎ» እላለሁ፣ እሳቸው «ኧረ አንቺ በለኝ» ይላሉ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አልተስማማንም። በእናቴ እድሜ ያለችን ሴት «አንቺ» ብዬ በየት አገር እገባለሁ?

ጠረጴዛው ላይ የጠበቀኝ ካርቶን ነው። «ፋክተሪ ፈን» ይባላል፤ ኮርኔ ፋን ሞርሰል የተባለ የአገራቸው ሰው በ2006 ያወጣው ጨዋታ። ለያንዳንዳችን ባለ አራት ማዕዘን ክፍል የተሰመረበት ሰሌዳ ታደለን፤ ፋብሪካችን እሱ ነው። ማሽኖቹ የካርቶን ቁራጮች ናቸው። አንዱ ይህን ያህል ሰማያዊ ፈሳሽ ይጠጣል፣ ሌላው ሁለት ሦስት ቀለም ይፈልጋል፤ ሁሉም በሌላ በኩል የሚተፋው አለው። ፈሳሹ ከገንዳ በቧንቧ መጥቶ ማሽኑ ውስጥ መግባት፣ የሚወጣውም ወይ ሌላ ማሽን ወይ ማጠራቀሚያ ማግኘት አለበት። ሁለት ቀለም በአንድ ቧንቧ አይሄድም። ለቧንቧውም ለገንዳውም ይከፈላል። የአንዱን ማሽን ምርት ለሌላው ያጠጣ ግን መጨረሻ ላይ ጉርሻ አለው።

ሲነገረኝ ሳቄ መጣ። እኔ አዲስ አበባ እያለሁ ሮቶ ጣሪያ ላይ ያሰቀልኩ፣ ከጎሚቶና ከቴፍሎን ጋር ስታገል ያደግሁ ሰው! እዚህ ሆላንድም ቢሆን ሜትሮው ወደ ሰፈሬ ሆግፍሊት ሲያመጣኝ የፔርኒስን የነዳጅ ማጣሪያ በመስኮት እያየሁ፣ ያንን ሁሉ ቧንቧ ማን እንደቀጠለው እያደነቅሁ ነው የምገባው።

ያልተነገረኝ አነሳሱን ነው። በየዙሩ እያንዳንዱ ሰው አንድ ማሽን በአንድ እጁ ይገለብጣል፤ ከዚያ ሁሉም በዚያው እጅ የፈለገውን ይነጥቃል። ተራ የለም። የቀደመ ወሰደ።

«እናንተ አንሱ» አልኩ፣ መሶብ ከቦ እንደተቀመጠ ሰው። አነሱ፤ በዓይኔ ፊት ሦስት እጅ ብልጭ አለና አንድ ማሽን ቀረልኝ። ሦስት ቀለም የሚጠጣ ጠማማ ነገር። አልፈልግም ማለት ይቻላል፤ ግን የቀረበልኝን እንዴት እገፋለሁ? ወሰድኩት። በሁለተኛውም ዙር ወሰድኩ። በሦስተኛውም። በአምስተኛው ላይ ፋብሪካዬ ግራ የገባው ሰፈር መሰለ፤ ሰማያዊው ቧንቧ መሃሉን አቋርጦ ጥጉን ዞሮ ከመጣበት ማሽን ጎን ተመልሶ ቆመ። እትዬ አንገታቸውን አስግገው አዩና፣ ተማሪን እንደማረም ባለ ድምፅ፣ ማሽኖቹን ወደ ዳር አስጠግቼ መሃሉን ለቧንቧ መተው እንደነበረብኝ ነገሩኝ። አሁን ለማንቀሳቀስ ደግሞ ይከፈላል። የት ነበሩ እስካሁን?

ሰባተኛው ዙር ላይ የምፈልገው መጣ። አንድ ቀለም ብቻ የሚጠጣ፣ የሚተፋውም ያ ጠማማው ማሽኔ የተጠማውን አረንጓዴ። እጄ ከኔ ቀድሞ ሄደ። ካርቶኑ ላይ አረፍኩ ስል ከሥሬ ሌላ እጅ አለ፤ ቀለበት ያለበት፣ የተሸበሸበ፣ ግን ብረት የሆነ እጅ። ጎተትኩ። ጎተቱ። «አንቺ፣ ልቀቂ!» ብዬ በሆላንድኛ ጮህኩ።

ቤቱ ጸጥ አለ። እትዬ እጃቸውን አነሱና «በመጨረሻ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ ላብ አጠመቀኝ። ማሽኑን በእጄ ይዤ ሰሌዳዬን ባገላብጠው ባገላብጠው ማስቀመጫ ቦታ የለም፤ መሃሉን ያ የዞረው ሰማያዊ ቧንቧ ይዞታል። የነጠቀውን መትከል ያቃተው ደግሞ ይቀጣል። ተቀጣሁ።

አሥሩ ዙር ሲያልቅ ከአራታችን አራተኛ ወጣሁ። እትዬ ቆሎውን እየዘገኑ፣ የዚሁ ጨዋታ ባለ ስድስት ማዕዘኑ ዓይነት እንዳለና በሚቀጥለው እሱን እንደምንጫወት አበሰሩኝ። አመስግኜ ተነሳሁ፤ በሩ ላይ አፌ አምልጦኝ «ደህና እደሩ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ባለቤቴ አልተኛችም። «ምን ተጫወታችሁ? የደሴውን ነገርካቸው?»

«ቧንቧ ዘግቶብኝ» አልኳትና ባዶውን ፌስታል ሰጠኋት።