«ስሜን እንዳትረሱ»፦ በኮልፌ ቀራኒዮ የግሩፕ አሳይመንት አመራረትና አስተዳደር ላይ የተደረገ ጥናት

ስለ ቢዝነስ ተማሪ የተጻፈው ብዙ ነው። ቢዝነስ ተማሪ ራሱ የጻፈው ግን ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ከግሩፑ ስድስት አባላት የምትጽፈው አንዷ ብቻ ናት። ይህ ጥናት ስለ እሷና ስለ ቀሪዎቹ አምስት ነው።

የጥናቱ ክልል ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ሲሆን፣ አጥኚው በተለይ ያተኮረው ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና፣ ከዚያም እስከ አለም ባንክ ድረስ ባሉት ሕንጻዎች ላይ ነው። የሕንጻዎቹ አደረጃጀት አንድ ዓይነት ነው፦ ምድሩ ባንክ፣ አንደኛው ፎቅ ካፌ፣ ሁለተኛው የጥርስ ክሊኒክ፣ ከዚያ በላይ ኮሌጅ። በሕንድ አገር አሕመዳባድ የሚገኘውንና በ1961 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውን የማኔጅመንት ኢንስቲትዩት ግቢ የነደፈው ስመ ጥሩው አርክቴክት ሉዊ ካን ነው፤ ቀይ ጡቡንና ግዙፍ ክብ ክፍተቶቹን ለማየት ከሩቅ አገር የሚሄድ አለ። የእኛዎቹም አርክቴክት አላቸው፤ የነደፋቸው ግን ለሱቅ ነበር። ስለዚህ ስለ ካምፓስ ሕይወት የሚጽፉ የውጭ ምሁራን ሣርና ዛፍ ሲጠቅሱ፣ ይህ ጥናት ደረጃ ይጠቅሳል። ፍቅር የሚጀመረው ደረጃ ላይ ነው፤ አጤሬራ የሚጠቀለለውም ደረጃ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ ናፈቀኝ የሚል ተማሪ አልተገኘም፤ መብራት እያለም አይሠራምና።

ለናሙናነት የተመረጠው የማታ ተማሪ ነው። ቀን ባንክ ውስጥ ብር ሲቆጥር ወይም መርካቶ አጎቱ ሱቅ ሲቆም ይውልና፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከታክሲ ወርዶ እርጥቡን በእጁ እንደያዘ ክፍል ይገባል። ቀኑን ሙሉ ዱቤ ሲሰጥና ዱቤ ሲያሳድድ የዋለ ሰው ማታ የዱቤን ምንነት አብራራ ተብሎ ይፈተናል። ብዙ ጊዜ ይወድቃል። ምክንያቱ ሲጠየቅ «እኔ የማውቀው በአማርኛ ነው» ይላል፤ ይህን መልስ አጥኚው አጥጋቢ ሆኖ አግኝቶታል።

የመስኩ ታሪክ አጭር ነው። ሉካ ፓቾሊ የሚባል ጣሊያናዊ መነኩሴ በ1494 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ዴቢትና ክሬዲትን ለዓለም አስተዋወቀ። በ1943 እ.ኤ.አ. ዛሬ ኮሜርስ የምንለው ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት አብርሃም ማዝሎው ስለ ሰው ልጅ ፍላጎቶች የጻፈው ጽሑፍ አሜሪካ ታተመ። ሁለቱ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ተለያይተው አያውቁም። ማዝሎው ራሱ በዚያ ጽሑፉ ውስጥ ፒራሚድ አልሳለም፤ እኛ ግን በየዓመቱ እንስልለታለን። የማርኬቲንግ መማሪያውን የጻፈውን ፊሊፕ ኮትለርን በተመለከተ ደግሞ፣ መጽሐፉን ሙሉውን ያየ ተማሪ በጥናቱ ክልል አልተገኘም። ፎቶ ኮፒ የሚደረገው እስከ ምዕራፍ አምስት ስለሆነ፣ ማርኬቲንግ የሚያልቀው ምዕራፍ አምስት ላይ ነው የሚል እምነት ሥር ሰዷል።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። መምህሩ «ስድስት ስድስት ሆናችሁ አንድ ድርጅት መርጣችሁ ጥንካሬውን፣ ድክመቱን፣ ዕድሉንና ሥጋቱን ተንትናችሁ አምጡ፤ ከ20 ይያዛል» ብሎ ይወጣል። ግሩፑ የሚመሠረተው በአንድ ወንበር ላይ በተቀመጡት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የት ጋ እንደተቀመጠ ያላስተዋለ ተማሪ፣ ወደፊት ከማን ጋር እንደሚመረቅ ሳያውቅ ወስኗል ማለት ነው። እዚያው የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል። በመጀመሪያው ምሽት ግሩፑ እጅግ ሕያው ነው፦ «ጋይስ እንዴት ናችሁ»፣ «ኢንትሮዳክሽኑን እኔ»፣ «ፕሪንቱን ለእኔ ተዉት»፣ በመካከሉም የሚያነባ የሳቅ ስቲከር። ከዚያ ፀጥታ ይሰፍናል። ፀጥታው የሚሰበረው ማስረከቢያው ሊደርስ አንድ ሌሊት ሲቀረው ነው፤ ያኔ ከአምስቱ አንዱ ብቅ ብሎ የዚህን ጥናት ርዕስ ይጽፋል።

ይህ ክስተት በሳይንስ ያልታየ አይደለም። ማክስ ሪንገልማን የተባለ ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ጉልበታቸውን ለክቶ ውጤቱን በ1913 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ለብቻው ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጥ ሰው ስምንት ሆነው ሲጎትቱ ግማሽ ያህሉን ብቻ ይሰጣል። የፈረንሳዩ ግኝት ለኮልፌ ቢሠራም አንድ ልዩነት መመዝገብ አለበት፦ የሪንገልማን ሰዎች ቢያንስ ገመዱን ይዘው ነበር። በእኛ ናሙና ገመዱን የያዘችው አንዷ ስትሆን፣ ሌሎቹ በርቀት «በርቺ» ይላሉ። ሄንሪ ፋዮል በ1916 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው 14 የማኔጅመንት መርሆዎች የመጀመሪያው የሥራ ክፍፍል፣ የመጨረሻው የቡድን መንፈስ ነው። ግሩፑ የመጀመሪያውን በንግግር አጽድቆ፣ አሥራ ሁለቱን በመዝለል በቀጥታ ወደ መጨረሻው ይሻገራል።

የድርጅት ምርጫው ጊዜ አይወስድም። ኮካ ኮላ ነው። በዚሁ ክፍለ ከተማ አጠና ተራ አለ፤ ቋሚው፣ ማገሩና ወራጁ በየውፍረቱ ተለይቶ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ነጋዴው ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ስንት እንጨት እንደሚፈጅ ወረቀት ሳያወጣ ይናገራል፤ ክረምት ሲመጣ ገዢ እንደሚሳሳ፣ ብረት ሲወደድ መወጣጫ የሚሠራው ሁሉ ወደ እሱ እንደሚዞር ያውቃል። ዕድሉንና ሥጋቱን በአንድ ትንፋሽ ሊዘረዝርልህ ይችላል። ሆኖም ከአንድ የግሩፕ አባል አጠና ተራን ብናጠናስ የሚል ሐሳብ በቀረበ ጊዜ ውድቅ ተደርጓል። በቃለ ጉባኤው የተያዘው ምክንያት «ቪዥንና ሚሽን የለውም፤ ዌብሳይትም የለውም» የሚል ነው።

አሳይመንቱ የሚወለደው ኮሌጁ ፊት ለፊት ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ያለው ልጅ በዘርፉ ከማንም የላቀ ዕውቀት አለው፤ ማዕረግ ግን የለውም። ኮምፒውተሩ ላይ በየመምህሩ ስም የተከፈተ ፎልደር አለ። አንድ ተማሪ ፍላሽ ይዞ ሲገባ ቀና ሳይል «የማን ነው?» ይላል፤ ስም ሲነገረው «እሱማ ኮንክሉዥን ብቻ ነው የሚያነበው፣ ሽፋኑ ቀለም ይሁንለት» ይላል። ያለፈውን ዓመት አሳይመንት ይፈልጉ እንደሆነ በዝግታ ይጠይቃል። ስፓይራል፣ ከፊቱ የሚያሳይ ላስቲክ፣ ከኋላው ሰማያዊ ካርቶን፤ ሒሳቡ በቴሌብር። ኮሌጁ «የዕውቀት አስተዳደር» የሚል ኮርስ ይሰጣል፤ ልጁን ለእንግዳ መምህርነት ስለ መጋበዝ የተነሣ ነገር ግን የለም።

ከዚህ ቤት የተገኘ አንድ ሰነድ የተለየ ትኩረት ይሻል። በመሠረቱ ሕንድ ለኢትዮጵያ ትምህርት ባዳ አይደለችም፤ በንጉሡ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩ ሕንዶች ነበሩ፤ ኋላም የሕንዱ ኢንድራ ጋንዲ ናሽናል ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ከቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እዚሁ አዲስ አበባ በርቀት የኤምቢኤ ትምህርት ሰጥቷል። አሁን ግንኙነቱ በፒዲኤፍ ቀጥሏል። በሰነዱ ላይ የሚታየው አሳይመንት አንድ ሕንዳዊ ተማሪ ከሠራው ሪፖርት የተወሰደ ሲሆን፣ ግሩፑ አገር የመለወጡን ሥራ ለኮምፒውተሩ ሰጥቶታል፦ «ሕንድ» የሚለውን ፈልግ፣ «ኢትዮጵያ» በሚለው ተካ፣ ሁሉንም። ሥራው በአንድ አፍታ አለቀ። ዋጋው ግን በሩፒ ቀረ፤ የድርጅቱ የደቡብ ቅርንጫፍም ባንጋሎር እንደሆነ ዘለቀ። ገጽ 9 ላይ ድርጅቱ ሸቀጡን ወደ ውጭ የሚልከው «በኢትዮጵያ ውቅያኖስ» በኩል መሆኑ ሠፍሯል። የባሕር በር ጥያቄ ስንት ዲፕሎማት ያደከመ ጉዳይ መሆኑን ለሚያውቅ፣ በአንድ ቁልፍ መመለሱ የሚናቅ ውጤት አይደለም። መምህሩ አንብቦት ቢሆን ኖሮ ይሥቅ ነበር። ለነገሩ የጥንት የአውሮፓ ካርታ ሠሪዎች የደቡብ አትላንቲክን ውኃ የኢትዮጵያ ውቅያኖስ ይሉት ነበር፤ ስለዚህ ግሩፑ የተሳሳተው ውቅያኖሱን በመፍጠር ሳይሆን አፍሪካን ተሻግሮ በማስቀመጥ ብቻ ነው።

የሥራው እምብርት ግን የሽፋን ገጹ ነው። ከሠላሳ ገጽ ውስጥ ስድስቱም አባላት በጥንቃቄ የሚያነቡት ብቸኛ ገጽ እሱ ነው። የአባት ስም ፊደል ይመረመራል፤ የመታወቂያ ቁጥር ይነጻጸራል፤ «ለምን እኔ ስድስተኛ ሆንኩ?» የሚል አቤቱታ ይቀርባል። አቤቱታው የሚመጣው ሁልጊዜ ምንም ካልሠራው አባል ነው። ስሙ በፊደል ተራ እንደተቀመጠ ሲነገረው ይረጋጋል፤ የፊደል ተራ እንዳልሆነ ግን ማንም አይመረምርም።

ያልሠራ ሰው ስም ለምን ይገባል? አጥኚው ይህን ጥያቄ ይዞ ከጸሐፊዋ ጋር አየር ጤና ወደሚገኘው ቤቷ ሄዷል። ሌሊት ነው፤ ላፕቶፑ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እናቷ የሴቶች ዕድር ጸሐፊ ናቸው፣ እሳቸውም አጠገቧ ቁጭ ብለው መዝገባቸውን ያስተካክላሉ።

«ይሄ ልጅ አንድ ቀን መጥቶ ያውቃል?» አሉ እናት፣ ስክሪኑን በመነጽራቸው ሥር እያዩ።

«አልመጣም፣ እማ።»

«ታዲያ ስሙን ምን ያደርጋል እዚህ?»

«እንዴት አወጣዋለሁ? ነገ ክፍል እንተያያለን እኮ።»

እናት መዝገቡን አዞሩላት። ለቅሶ ቤት ከወጥ ሥራ የቀረችው ሁሉ በስሟ ትይዩ ቀይ ምልክት አለ፤ ከጎኑ ቅጣቱ፣ ከቅጣቱ ጎን የተከፈለበት ቀን። «ይቺ የልጄ ክርስትና እናት ናት» አሉ አንዱን ቀይ በጣታቸው እየነኩ። «ከፍላለች።»

ልጅቱ ወደ ላፕቶፑ ተመለሰች። እየጻፈችው የነበረው ንዑስ ርዕስ በማደግ ላይ ባሉ አገሮች የአባላት ክትትልና ቁጥጥር ሥርዓት ደካማነት የሚል ሲሆን፣ በጠዋቱ ስድስት ስሞች ይዞ ታትሟል።

ፕሬዘንቴሽን የሚባለውን ሥነ ሥርዓት በዝርዝር ማየት አያስፈልግም። ወንዶቹ ሱፍና ክራቫት፣ ሴቶቹም ከአክስት የተዋሱት ጃኬት ለብሰው ይሰለፋሉ። ከመግቢያው በፊት ስለ ዕድሉ መምህሩን የሚያመሰግነው ያው ስድስተኛው ነው፤ ድምፁ ያማረ ነው። ጥያቄ ሲመጣ «ይህንን ጓደኛዬ ትመልሰዋለች» ይላል፤ ይህም በውክልና ሥልጣን ስለ መስጠት ከተማሩት ምዕራፍ ጋር ሙሉ በሙሉ ይስማማል። ውጤቱ ለሁሉም 17 ከ20። የመመረቂያ መጽሔት ኮሚቴ ሲመረጥ ስድስተኛው በከፍተኛ ድምፅ ሰብሳቢ ሆኗል፤ ስሙ በብዙ ሽፋን ላይ ስለታየ ሁሉም ያውቀዋል።

አንድ ነገር ብቻ ሥርዓቱን አናግቶታል። ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የመውጫ ፈተና ጀመረ። ፈተናው በኮምፒውተር ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። በጥናቱ ክልል የመጀመሪያው ስሜት ግራ መጋባት ነበር። ከስድስት ሰው አንዱን ለይቶ ማስቀመጥ ሦስትና አራት ዓመት ሙሉ ከተማሩት ጋር ይጋጫል። ውጤቱ ሲገለጽ ከግል ተቋማት ከተፈተኑት ያለፉት 17 በመቶ ገደማ መሆናቸው ታወቀ። ወላጆች ደነገጡ፤ ኮሌጆች ፈተናው ድንገተኛ ነው አሉ፤ በሬዲዮ ብዙ ተባለ። አጥኚው በዚህ ክርክር ውስጥ አልገባም። ካልኩሌተሩን አውጥቶ አንድን ለስድስት አካፈለ፤ 16.7 በመቶ አገኘ፤ ካልኩሌተሩን መልሶ አስቀመጠ።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ውጤቱ ከዚህ በብዙ የተሻለ ነበር። እዚያ ግሩፕ የሚመሠረተው ስንት ስንት እየሆኑ እንደሆነ ወደፊት መጠናት ይኖርበታል። ለዚያ ጥናት ስድስት ተመራማሪ ይበቃል።