ለፓርኪንጉ ጠበቆች

ይድረስ ለተከበረው የሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር
ቤይሊስ ክሮስሮድስ፣ ሰሜን ቨርጂኒያ

ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? ሣራችሁስ? የቤታችሁ ዋጋስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

በየበሩ ያስቀመጣችሁት ወረቀት ደርሶኛል። እንጀራ ቤታችን ያለበት ፕላዛ ፈርሶ ባለ ስድስት ፎቅ አፓርትመንት ሊሠራበት መሆኑን ሰምታችሁ «የስደተኞቹ ትንንሽ ሱቆች ሊጠፉ ነው» ብላችሁ መጨነቃችሁን ሳነብ አንጀቴ ተላወሰ። ግን እንጀራ ቤቱ ውስጥ ከመካከላችሁ አንድ ሰው አይቼ አላውቅም። ሥጋ ቤቱም፣ ፀጉር ቤቱም፣ ገንዘብ የሚላክበት መስኮት ጋም አላየኋችሁም። ምናልባት እኔ በሌለሁበት ሰዓት ትመጡ ይሆናል። የማስታውሰው አምና ታክሲ ነጂዎቻችን ፓርኪንጉ ላይ ቡና ይዘው ቆመው ያወራሉ ብላችሁ ለካውንቲው ማመልከታችሁን ነው። ዘንድሮ እነዚያው ሰዎች «የሰፈሩ ጌጥ» ሆነዋል። ያገራችን ሰው ይህን ሲያይ አዛኝ ቅቤ አንጓች ይላል፤ እኔ ግን ጨዋ ስለሆንሁ አልልም።

የሰፈሩን ጥንታዊ መልክ እንጠብቅ ብላችኋል። እስማማለሁ፤ ከየት እንጀምር? ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከሃቻሊያ ቤይሊ ነው፤ ዝሆን እያዞረ ለሕዝብ በማሳየት ታዋቂ የሆነ ሰው ነው፤ እዚህ መሬት የገዛውም እ.ኤ.አ. በ1837 ነው። ጥንታዊነት ከተፈለገ እንግዲህ ዝሆን ይምጣልን። ለማሰሪያ የሚሆን አስፋልት ሞልቶናል፤ ከቅዳሜና ከበዓል ዋዜማ በቀር ግማሹ ባዶ ነው። ካውንቲው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 የፓርኪንግ ግዴታውን የቀነሰው ይህን ዓይነቱን ባዶ አስፋልት እያየ ይመስለኛል።

ሕንፃው ጥላ ያጠላብናል ያላችሁት ደግሞ አስገርሞኛል። በሐምሌ የቨርጂኒያ ፀሐይ የጋለ መኪና ከፍቶ መሪው እስኪቀዘቅዝ የቆመ ሰው ጥላ አይጠላም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እንጀራ ቤቱ በር ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። እንጀራው ጠዋት ሲመጣ ፌስታሉ በእንፋሎት ላብ ላብ እንዳለው ካሽ መመዝገቢያው አጠገብ ይደረደራል፤ ብዙው ሰው ግን መጀመሪያ የሚያየው ሰሌዳውን ነው። «የሚከራይ ቤዝመንት፣ መግቢያው ለብቻው፣ ለማያጨስ።» «አንድ ክፍል ለሴት፣ ኩሽና በጋራ።» ከሥሩ ስልክ ቁጥሩ በመቀስ ተተልትሎ ተንጠልጥሏል፤ ከሰዓት በኋላ ስትመጡ ተቦጭቆ አልቋል። እንጀራው ግን ይተርፋል። ይህን ሰሌዳ አንድ ቀን አንብባችሁ ቢሆን ኖሮ፣ ሰፈሩ የጎደለው ምን እንደሆነ ለማወቅ በራሪ ወረቀት ባላስፈለጋችሁ ነበር። ያቺ እንጀራውን የምትሸጥላችሁ፣ ይቅርታ፣ የምትሸጥልን ልጅ፣ ሌሊት ተነስታ ከውድብሪጅ በ95 አውራ ጎዳና ነው የምትመጣው። እዚህ የሚቀመስ ቤት የለማ! «አፓርትመንቱ ትራፊክ ያመጣል» ስትሉ፣ ትራፊኩ እሷ ነች። ከሱቁ በላይ ብትኖር በደረጃ ትወርድ ነበር።

ትራም ይሠራልና እንጠብቅ የምትሉም አላችሁ። ከፔንታጎን ሲቲ ተነስቶ በኮሎምቢያ ፓይክ እስከ ስካይላይን ሊመጣ የነበረው ትራም እ.ኤ.አ. በ2014 ተሰርዟል፤ እርሙን እናውጣ።

ለዴቨሎፐሩ ጥብቅና የቆምሁ እንዳይመስላችሁ። የእሱንም ሥዕል አይቻለሁ፤ በረንዳው ላይ ብስክሌት የያዘች ወጣት፣ ውሻ፣ ፊኛ የያዘ ሕፃን፤ ነጠላ የለበሰች እናት ግን የለችም። ከሥር የሳላቸው ሱቆች ባንክና ጂም ካልሆነ ማንም የማይከራያቸው አዳራሾች ናቸው። የሚሆነውን ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም፤ እዚያው ፓይኩ ላይ፣ አርሊንግተን ውስጥ፣ ጆርጅ ሜሰን ድራይቭ ጥግ ላይ ፉድ ስታር ግሮሰሪ ነበር። ፈርሶ ባለ ስድስት ፎቅ አፓርትመንት ሲሆን ከሥሩ የገባው ሐሪስ ቲተር የተባለው ትልቅ ሱፐርማርኬት ነው። ቤቱ በመሠራቱ አልከፋም፤ ሰው ገብቶበታል። የከፋኝ ሕንፃው ሲያድግ ሱቁም አብሮ ማደጉ ነው። የኛ ሰው ንግድ የከፈተው ፕላዛው አሮጌ፣ ጣሪያው የሚያፈስ፣ ኪራዩም እንደ ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለነበር ነው። አዲስ ሕንፃ ያን ኪራይ በራሱ ፈቃድ አይሰጥም፤ ሲጠየቅ፣ ሲጨቀጨቅና በውል ሲታሰር ነው።

ስለዚህ ጉልበታችሁን አበድሩን። ለካውንቲው ደብዳቤ መጻፍ ታውቁበታላችሁ፤ እኛ ስንጽፍ መልስ አይመጣም፣ እናንተ ስትጽፉ ኮሚቴ ይቋቋማል። «አይሠራ» ማለቱን ትታችሁ ይህን ጻፉ፤ ሱቆቹ እንጀራ ቤት በሚያክል መጠን ይከፋፈሉ፤ ግንባታው በሁለት ዙር ይሁንና አንደኛው ወገን ሲፈርስ ሌላው ይነግድ፤ የነበሩት ነጋዴዎች የመመለስ መብታቸው ከነኪራዩ ልክ በውሉ ይግባ፤ ከአፓርትመንቶቹም የተወሰኑት ከሰሌዳው ላይ ቁጥር ለሚቦጭቁ ሰዎች በአቅማቸው ልክ ይመደቡ።

ከመጻፋችሁ በፊት ግን አንድ ቀን ወደ ሱቁ ጎራ በሉ። ቅዳሜ አትምጡ፣ ፓርኪንግ የለም። ከ10 ዶላር በታች ካርድ አይቀበሉምና ካሽ ያዙ።

አክባሪያችሁ፣
ከፕላዛው ደንበኞች አንዱ