ገጽ ቁጥር የተሰጠው ድንጋይ

ብዙዎቹ የብሪታንያ የድንጋይ ክቦች ከአራት ሺህ ዓመት በላይ ተገትረው ቢኖሩም፣ ወግ ያለው ጎብኚ ያገኙት ስማቸው መጽሐፍ ላይ ሲወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የሮክ ዘፋኙ ጁልያን ኮፕ ከ300 በላይ ጥንታዊ ስፍራዎችን የሚያስጎበኝ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አሳተመ። ትናንት ድንጋዩ የበግ ማከኪያ መስሎት ያለፈው ሰው፣ ዛሬ ገጽ ቁጥር ስላለው ብቻ ጭቃ እያቦካ ሄዶ መዳፉን ይለጥፍበታል፤ ዓይኑንም ይጨፍናል።

«ምን ይጎዳል? መጽሐፉ ባይኖር ማን ዞር ብሎ ያያቸው ነበር?» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። በ18ኛው መቶ ዘመን በድንጋይ ክብ ውስጥ ያለችው የእንግሊዝ መንደር የኤቭበሪ ሰዎች የክቡን ግዙፍ ድንጋዮች በእሳት አግለው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ቸልሰው፣ በመዶሻ እየፈረከሱ ቤት ይሠሩባቸው ነበር። ይህን መዝግቦ ያቆየልን የጥንታዊ ቅርሶች አጥኚው ዊልያም ስታክሊ ነው። መጽሐፍ ድንጋይን ከመዶሻ ሊያድን ይችላል፤ ከጸሐፊው ግን አያድነውም። ይኸው ስታክሊ በ1740 ባሳተመው መጽሐፍ ዝነኛውን የድንጋይ ክብ ስቶንሄንጅን ድሩይድ የሚባሉት የጥንት ካህናት ቤተ መቅደስ አደረገው። ስለ ካህናቱ የተጻፈ ነገር የሚገኘው ደግሞ ትልልቆቹ ድንጋዮች ከቆሙ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ነው! ያም ሆኖ ዛሬም በሰኔ ረጅሙ ቀን ነጭ ቀሚስ ለብሰው ፀሐይዋን እዚያ የሚቀበሉ «ድሩይዶች» አሉ። አርኪዮሎጂስቶች ቢያስረዱ ማን ሰምቷቸው፤ የእነሱ መጽሐፍ ሥዕል ያንሰዋል፣ «ምናልባት» ይበዛዋል። በኤቭበሪማ መጠጥ ቤቱ ራሱ ክቡ ውስጥ ስለሆነ ክርክሩ በቀላሉ አይበርድም።