ሠርጉ ጫካ ነው

የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሐበሻ ሠርግ የሚያውቀው አዳራሽ ነው። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለ ክሪስታል፣ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ከጀርባው ሪባን የታሰረለት ወንበር፣ ጆሮ የሚበጥስ ስፒከር። የእህቴ ልጅ ይኼ ሁሉ ሰለቸኝ አለች። ሠርጓን ከዓርብ እስከ እሁድ፣ እንግዶቿ አብረዋት እያደሩ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ፕሪንስ ዊልያም ደን ፓርክ በሚባለው ጫካ፣ የእንጨት ጎጆዎች ባሉበት ካምፕ ልታደርገው ነው።

እናቷ፣ ማለትም ታላቅ እህቴ፣ ፎቶውን በስልክ አየችው። የሳንቃ ግድግዳ፣ ተደራራቢ የብረት አልጋ፣ ስስ ፍራሽ። ስልኩን መለሰችላትና፣ ‹‹እንዲህ ያለ አልጋ ላይ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተኝቼ ነው አሜሪካ የገባሁት። አሁን ከፍዬ ልመለስበት?›› አለች።

ቦታው ግን ታሪክ አለው። ጎጆዎቹ የተሠሩት በ1930ዎቹ፣ አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት ወገቧ በጎበጠበት ጊዜ ነው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሥራ ያጡ ወጣቶችን በጓድ በጓድ አደራጅተው ጫካ አስገቧቸው፤ እነሱም ዛፍ ተከሉ፣ መንገድ ጠረጉ፣ የከተማ ድሃ ልጆች በበጋ መጥተው ንጹሕ አየር የሚስቡባቸውን ካምፖች ሠሩ። (የጥቁር ልጆች ካምፕና የነጭ ልጆች ካምፕ ለየብቻ ነበር፤ አየሩን ግን መለየት አልቻሉም።) ከ1942 እስከ 1945 ደግሞ ልጆቹ ወጥተው ሰላዮች ገቡበት። ኦኤስኤስ የተባለው፣ የዛሬው ሲአይኤ የበቀለበት መሥሪያ ቤት፣ ሰዎቹን ካሠለጠነባቸው ቦታዎች አንዱ ይኼው ጫካ ነው። ምስጢር መጠበቅ በተማሩበት ጎጆ ውስጥ የኛን ቤተሰብ ማሳደር ቦታውን ማክበር ይሁን መስደብ ለአንባቢ እተወዋለሁ። እኛ ዘንድ ሽማግሌዎቹ ከሙሽሪት ቤት ወጥተው ጫማቸውን ሳያስሩ፣ ሙሽራው በወር ስንት እንደሚያገኝ ሲያትል ድረስ ተሰምቶ ነበር።

ችግሩ ታሪኩ ሳይሆን አልጋው ነው። አዳራሽ ሲጠብ ወንበር ይጨመራል፣ ሕፃን ይታቀፋል፣ ጎረምሳው ግድግዳ ተደግፎ ይበላል። ካምፕ ግን የሚቆጥረው አልጋ ነው፤ ላንድ አልጋ አንድ ሰው፣ አለቀ። ሙሽሪት በስልክ የሚሞላ ቅጽ ላከች፦ ትመጣላችሁ? ስንት ናችሁ? ሐበሻ እንዲህ ይጠየቃል? የሚበዛው ሰው ደውሎ ‹‹እግዚአብሔር ካለ›› አለ። ቅጹ ደግሞ ‹‹አዎ›› እና ‹‹አይ›› እንጂ እግዚአብሔር ለሚለው ነገር ቦታ አላስቀረም። አትላንታ ያለ ዘመዳችንማ፣ ‹‹ስድስት ነን፤ ካልሆነም አሥራ አንድ›› ብሎ ስልኩን ዘጋው። አክስቶቻችንን ቅጹ ጭራሽ አስቀይሟቸዋል፤ በገዛ ልጃቸው ሠርግ ትመጣላችሁ ወይ ተብለው መጠየቃቸው የመጀመሪያ ነው።

ቀጥሎ ድልድል መጣ፤ የድልድል ሹሙ እኔ ነኝ። አዳራሽ ውስጥ የተኳረፉ ሰዎችን ማራራቅ ቀላል ነው፣ አንዱን መድረኩ ሥር፣ ሌላውን ኩሽናው በር ላይ ማስቀመጥ ነው። ተደራራቢ አልጋ ላይ ግን ማን ከማን በላይ ይተኛል? በእቁብ ገንዘብ ከተቀያየሙ ሁለት ሰዎች የትኛው ነው የሌላውን እግር ሲወጣና ሲወርድ የሚያየው? ሌሊት ተነስተው ዳዊት የሚደግሙ አባትና ሌሊቱ ሲጋመስ የሚገባ ሚዜ አንድ ጎጆ ይሆናሉ? መታጠቢያውና መጸዳጃው ከጎጆው ውጭ ስለሆነ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን በሙሉ ወደዚያ ማስጠጋት ነበረብኝ፤ ይህ በተሰማ ማግስት ጉልበቱን የማያመው ሰው ጠፋ። የሚያንኮራፉትን ወንዶች አንድ ጎጆ ውስጥ አጎርኳቸው። ‹‹እኔ አላንኮራፋም›› የሚል አቤቱታ ከሁሉም ደርሶኛል፤ ከሚስቶቻቸው ግን ምስጋና ብቻ።

በዚህ ሁሉ መሀል ያልደነገጡት እማማ ናቸው። እማማ፣ የኛ እናት፣ ያደጉትም የተዳሩትም ጎጃም ገጠር ነው። ወሬውን ሲሰሙ ነጠላቸውን አስተካክለው ሦስት ነገር ጠየቁ፦ ‹‹ዳሱን ማን ይጥለዋል? ውሃው ምን ያህል ይርቃል? የእንግዳው በቅሎስ የት ይታሰራል?›› ስንት ጊዜ የተሰበሰበው የሠርጉ ኮሚቴ አንዱንም አላሰበውም ነበር። ዝናብ ቢመጣ መጠለያ ድንኳን አልያዝንም። የበቅሎው ነገርም እውነት ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ሁሉም የየራሱን መኪና እየነዳ ቢከተል ማቆሚያው አይችለውም፤ አውቶቡስ ልንከራይ ሆነ። ሙሽሪት ‹‹ረስቲክ›› እያለች የምትገዛው ነገር ሁሉ እማማ በነጻ የነበራቸው፣ ሲሞላላቸውም ትተውት የመጡት ነው። የግንድ መቀመጫ በኪራይ እንደሚመጣ ስትነግራቸው ዋጋውን ደግመው አስነገሯት። ‹‹እኛስ›› አሉ፣ ‹‹ወንበር ስናጣ ነበር የምንቀመጥበት።››

ቀኑ ብዙ አላጨቃጨቀም። ልጅቱ የፈለገችው ቅጠሉ ቀይና ቢጫ የሚሆንበትን ጥቅምትን ነው፤ ደግነቱ ጥቅምት ከረጅም የአዋጅ ጾም ነጻ ነው። በጋውን ብትል ኖሮ የሰኔው ጾም ባንድ በኩል፣ ፍልሰታ በሌላ በኩል ያጣብቋት ነበር። ብርዱም ቢሆን ጋቢ አለ፣ ለጥቅምት አንድ አጥንት የተባለውም ለዚሁ ነው።

የተረሳው ዓርብ ነው። እንግዳ የሚገባው ዓርብ ማታ ነው፤ ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ቀላል ነው። ሚዜዎቹ ግን እሳት ዙሪያ ተቀምጠን ማርሽሜሎ እንጠብሳለን ብለው ከረጢት ሙሉ ይዘው ስብሰባ መጡ። እማማ አንዷን አነሷት። በሁለት ጣታቸው ጫን አደረጓት፤ ለቀቅ ሲያደርጓት እንደ ስፖንጅ ተመልሳ ተነፋች። ደግመው ጫኗት፤ ደግማ ተነፋች።

‹‹ይኼ ከምን ነው የሚሠራው?››

ከሚዜዎቹ አንዱ የሕክምና ተማሪ ነው፤ የተጠየቀውን ሳይመልስ አያድርም። ‹‹ስኳርና ጀላቲን ነው፣ እማማ።››

‹‹ጀላቲን ምንድን ነው?››

‹‹ብዙውን ጊዜ ከአሳማ ቆዳ ነው የሚወጣው።››

እማማ ማርሽሜሏን ከረጢቱ ላይ መልሰው አስቀመጧትና እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሱ። ዓርብ ማታ የበቆሎ እሸት እንዲጠበስ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

የፓርኩ ሕግ ደግሞ አለ። የፌዴራል መንግሥት ይዞታ ስለሆነ ቅጠል መበጠስ፣ ሣር ማጨድ ክልክል ነው። ቡና ሲፈላ ግን ቄጤማ ይጎዘጎዛል፤ ያለሱ ቡናው ቡና አይመስልም። ስለዚህ 60 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ደን መሀል ልንቀመጥ፣ ሣሩን ከከተማ ገዝተን በመኪና ጭነን ልንሄድ ነው። ሕጉ ትክክል ነው፤ የኛ ሰው ተፈቅዶለት ቢሆን ኖሮ እሁድ ጠዋት ደኑ ሜዳ ሆኖ ይገኝ ነበር።

ከሁሉ የከፋው የጸጥታው ሰዓት ነው። በብሔራዊ ፓርክ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሰው የሚረብሽ ድምፅ አይፈቀድም። የኛ እንግዳ ለ12 ሰዓት ተጠርቶ 3 ሰዓት ይደርሳል፣ ጉንጭ እየሳመ አዳራሹን ይዞራል፣ ይበላል፣ ትከሻው የሚሞቀው ልክ 4 ሰዓት ላይ ነው። ሙሽሪት መላ አመጣች፦ ሳይለንት ዲስኮ። ሁሉም ጆሮው ላይ ማዳመጫ ያደርጋል፣ ሙዚቃው እዚያው ጆሮው ውስጥ ይቀራል፣ ጭፈራው ይቀጥላል። ‹‹በጨለማ፣ ጫካ ውስጥ፣ አንዳች ድምፅ ሳይሰማ ይኼ ሁሉ ሕዝብ ትከሻውን ሲያንቀጠቅጥ ያየ ሰው ካህን ነው የሚጠራው›› አልኳት። አሁንም ችግሩን የፈቱት እማማ ናቸው። ‹‹ሠርግ ድሮስ ምሳ አይደል?›› አሉ። በቀን ሆነ። መጥሪያው ላይ 5 ሰዓት ተብሎ ተጽፏል፤ ምግቡ የሚቀርበው 8 ሰዓት ነው። ይህን የምናውቀው ኮሚቴው ብቻ ነን፤ ማለት ሲያትልም ሳይሰማ አይቀርም።

ሚዜዎቹን አንድ ነገር በጥብቅ አስጠንቅቀናቸዋል። ሙሽራው ሲመጣ የሙሽሪት ጓደኞች በር ይዘው አናስገባም ይላሉ፣ ሚዜ ኪሱን ይዳብሳል፣ ድርድር ተደርጎ ይገባል። ጎጆዋ በር ስላላት ለነሱ ችግር የለም። ነገር ግን ከዚያ በፊት የፓርኩ መግቢያ ላይ ሬንጀር አለ፤ እሱም አስቁሞ ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል። እሱ የምሩን ነው። ለሱ ዶላር አውጥቶ መደራደር ወንጀል መሆኑን ከሙሽራው አጎት ጀምሮ ለሁሉም በየተራ ነግረናል።

እህቴ እንዴት ሆነች? ተስማማች። ጎጆውንም፣ የግንዱን መቀመጫም፣ ተደራራቢውን አልጋም ተቀበለች፤ የታችኛው ለሷ እስከሆነ ድረስ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ መልሱ የኔ ነው። እሁድ ከሰዓት ካምፑን አስረክበን ስንወጣ፣ ማታውኑ አሌክሳንድሪያ፣ ክሪስታል የተንጠለጠለበት አዳራሽ፣ ስፒከሩ ሳይቀር። በአልጋ ቁጥር ምክንያት የቀረ ዘመድ ሁሉ ይጠራል። ቅጽ ልላክ ወይ ብላት ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ‹‹ሰው ከብት ነው እንዴ የምትቆጥረው?››

የአዳራሹ ሰውዬ ዛሬም ደውሎ ስንት ሰው እንደሚመጣ ቁርጡን ንገረኝ አለኝ። ‹‹አራት መቶ›› አልኩት። ‹‹ካልሆነም ሰባት መቶ።››