ድሩ ከፋብሪካ፣ ማጉ ከቤት

ይድረስ ለእታለም፣ አቃቂ ቃሊቲ። «ፋብሪካ ባለበት ሰፈር እንዝርት ማሾርና ኪሮሽ መያዝ የቸገረው ሰው ሥራ ነው» የሚሉሽ በዝተዋል አሉ። ጠበቃ ካጣሽ እኔ አለሁ፤ አበልም አልጠይቅ።

ለ«ቸገረው» ክስ የምጠራው ምስክር የኖርዌይ ሕዝብ ነው። ነዳጅ የሚቸበችብ፣ ሹራብ መግዛት የማያቅተው ሕዝብ ነው። ሆኖም በፈረንጆቹ 2013 ኤንአርኬ የሚባለው የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያቸው የሹራብ ሌሊት አዘጋጀ። በግ ተሸለተ፣ ጠጉሩ ተፈተለ፣ ክሩ በመርፌ ተሠራ፤ ይህ ሁሉ ከስምንት ሰዓት በላይ በቀጥታ ተላለፈ። የዓለም ክብረ ወሰን ለመስበር ነበር ሐሳባቸው፤ አልሰበሩም። ግን ማንም አላዘነም። (እኛ ዘንድ ቢሆን በጉ ለሹራብ ሳይደርስ ለወጥ ይደርስ ነበር።) የሞላለት ሰው እንቅልፉን አጥቶ ሹራብ ሲሠራ ካየ፣ ነገሩ ከኪስ ጋር ብዙም ዝምድና የለውም ማለት ነው።

«ፋብሪካ ካለ እጅ ምን ያደርጋል?» ለሚሉት ደግሞ ከፈረንጅ አገር ምስክር ማምጣት አያስፈልግም፤ የለበሱትን ጋቢ ገልበጥ አድርገው ይዩት። ዛሬ ሸማኔው ድሩን አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ ክር ያደርጋል፤ ማጉ ግን ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ ባዘቶ ሆኖ በሴቶች እጅ የተፈተለ ነው። ያ ባለ አራት እጥፍ ጋቢ የሚያሞቀን በሁለቱ ሽርክና ነው። እንግዲህ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስሟ የታወቀ አቃቂ እንዝርትን ልታፍርበት አይገባም። እንዲያውም የኔ ክርክር ይህ ነው፤ ፋብሪካው የወሰደብን ግዴታውን ነው፣ ደስታውን ትቶልናል። ድሮ ካልተፈተለ ቤተሰቡ ይበርደው ነበርና ፈትል ቀንበር ነበር። አሁን ባትፈትይ ማንም አይበርደው። ስለዚህ የምትፈትይው ወደሽ ነው፤ ወዶ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሲሰለቸው ያስቀምጠዋል።

«ጊዜው ቢታሰብ ከገበያው ይወደዳል» ማለታቸው እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ቡናውስ? የተቆላና የተፈጨ ቡና በየሱቁ ሞልቶ፣ እኛ አጥበን፣ ቆልተን፣ ወቅጠን፣ ከአቦል እስከ በረካ ስንቀመጥ ሰዓቱን በብር መንዝሮ የከሰሰን የለም። ዳንቴልም ከዚያው ወገን ነው። ከዚህም በላይ አንድ ትርፍ አለው፤ የሚይዘው እጅን ብቻ ነው። ስልክ ዓይንም ጆሮም ይወስዳል፣ አጠገብሽ የተቀመጠውንም ሰው ይወስዳል። ኪሮሽ የያዘች ሴት ግን ትሰማለች፣ ትመልሳለች፣ ሐሜቱም አይስተጓጎልም። ዳንቴሉ የት ይነጠፋል ካሉሽ ግን መልስ የለኝም፤ ቴሌቪዥኑ እየቀጠነ ማረፊያ አሳጥቶታል።

የእጅ ሥራ ሁሉ ግን አይሞገስም፤ በቤት ሳሙና ላይ ትንሽ ልሸነፍላቸው። እዚህ ኦስሎ ሰዎች ዘይትና ኮስቲክ ሶዳ ገዝተው በወጥ ቤታቸው ሳሙና ያበስላሉ። ሶዳው ቆዳ ያቃጥላልና ጓንትና መነጽር ይፈልጋል፣ ሚዛኑ መሳሳት የለበትም፣ ሶዳው ወደ ውሃ እንጂ ውሃው ወደ ሶዳው አይጨመርም። ሲያልቅ ደግሞ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መደርደሪያ ላይ ይከርማል፤ እስከዚያ የሚታጠበው ሰው ከሱቅ ይገዛል። ልጆች በሚሯሯጡበት ጠባብ ቤት ይህ ይቅር። ነገር ግን የቤት እጥበትን የሚንቁ ሰዎች እንዶድን ያስታውሱ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ብልሃርዝያ የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከዚያ የተነሣው ምርምር እሳቸውንና ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስን በ1989 (እ.ኤ.አ.) ራይት ላይቭሊሁድ ለተባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት አበቃ። መነሻው አጣቢዎቹ ሲያጥቡበት የኖሩት ፍሬ ነው።

የምፈራው ተቃውሞ አንድ ነው፤ «አንተ ባሕር ማዶ ተቀምጠህ የሴትን ሸክም ታሞግሳለህ» የሚለው። ትክክል ነው፤ ማጀቱ ላይ ፈትል ከተጨመረ ደስታ አይባልም። ስለዚህ መጀመሪያ የማጀቱ ሥራ ለሁለት ይከፈል፤ ቀጥሎ ባልሽም ኪሮሽ ይያዝ። ጎረቤት ይስቃል ካለ ወደ ሽሮ ሜዳ ላኪው፤ ከመወርወሪያው ጋር የሚውሉት ወንዶች ናቸው፣ በክር መዋል ወንድነታቸውን አልቀነሰውም። ባለእጅን መሳደብ አገሩን የጎዳ ነውር መሆኑን ዐፄ ምኒልክ በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰውበታል፤ ባልሽ ዐዋጅ ከሚያከብሩት ወገን ይመስለኛል። የመጀመሪያው ሥራው ጠማማ ቢወጣ አትፍቺበት፤ ለኔ ላኪው፣ እዚህ ሰው የጠመመውን «በእጅ የተሠራ» ብሎ በውድ ይገዛል።

ወንድምሽ፣ ከኦስሎ